ጣራ ያላት ክፍል

ሐሙስ፣ ግንቦት 27 ቀን
ከአዲሱ ቤታችን፣ ጣራ ካላት ክፍል

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ባለቤቴ፣

ባሕሩ እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ? ያ የመርከቡ ወጥ ቤት ምድጃ አሁንም ክንድህን ይለበልብሃል ወይስ መላ አገኘህለት? እኛ ደህና ነን። «ደህና ነን» ስልህ ለሰላምታ ያህል የሚባለውን ማለቴ አይደለም፤ ቃሉን አላምጬ ነው የጻፍኩት። እናትህም እኔም በሕይወት አለን፣ በእግራችን ቆመን እንሄዳለን፣ በልተን ነው የምናድረው። ይህን ያስቀደምኩት ቀጥሎ ያለውን ስታነብ ልብህ እንዳይሸበር ብዬ ነው። ደግሞ እባክህ ድስት እያማሰልክ አታንብበው። ሥራህን ጨርስና አልጋህ ላይ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ባለፈው ወር ከወደብ ደውለህ «ቤቱስ?» ስትለኝ «ሁሉ ደህና ነው፤ ጣራው ሊመታ ነው» አልኩህ። ዋሸሁህ። የጣራው እንጨትም ቆርቆሮም ገና አልተገዛም ነበር፤ ገንዘቡንም ወደ ሌላ ነገር ላዞረው እያሰብኩ ነበር። ድምፄ ለምን እንደቀጠነ ስትጠይቀኝ «ጉንፋን ነው» አልኩህ። ምን ጉንፋን አለ! እናትህ አጠገቤ ቆመው ክንዴን እየቆነጠጡኝ ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ እስካሁን ይዤው ቆየሁ፤ ሆዴ ግን ከዚህ በላይ አልቻለም።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባል የለ? እኔም ከመሠረቱ ልጀምርልህ።

ሥራውን የጀመርነው አንተ በሳልከው ንድፍ ነው። ያቺን በቀን መቁጠሪያ ወረቀት ጀርባ ላይ የሳልካትን በላስቲክ ጠቅልዬ በየቀኑ ይዣት እሄድ ነበር። ሁለት መኝታ ቤት፣ ሳሎን፣ ማድ ቤት፣ ከፊት ደግሞ አራት ደረጃ የሚወጣለት በረንዳ። በረንዳው ላይ ወንበር ስለህ፣ በቀስት «እማዬ እዚህ ተቀምጣ መንገደኛ ታያለች» ብለህ ጽፈህበታል። ቦታችን ከኋላ ከፍ ብሎ ወደ መንገዱ የሚያዘቀዝቅ ስለሆነ ከፊት በኩል ረጅም መሠረት ፈለገ። ድንጋዩንም ሲሚንቶውንም የበላው እሱ ነው። ግድግዳው ሲጀመር ካሰብነው ገንዘብ ግማሹ ከመሬት በታች ቀርቶ ነበር።

እንቅልፌ መዛባት የጀመረው ያኔ ነው። አከራያችን ልጇን ልታስገባበት ስለሆነ እስከ ግንቦት መጨረሻ ልቀቁ ብላናለች፤ ክረምቱ ደግሞ እየተንደረደረ ይመጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እያልኩ እፈራለሁ፤ ቀስ ልበል ብል ቀኑ አይጠብቀኝም።

ግንበኛውን አታውቀውም። ስሙን የሚጠራው ሰው የለም፤ ሁሉም «ጋሽ ልክነው» ነው የሚለው። ምንም ነገር ብትጠይቀው መልሱ «ልክ ነው!» ነውና። በሩ አልጠበበም? ልክ ነው። አሸዋው አልበዛም? ልክ ነው። እጁ ግን የተባረከ ነው፤ ሲሚንቶ እንደሌሎቹ አያሸሽም። እኔ ከስፌት ቤቱ የምወጣው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ቀን ቀን ሥራውን የሚቆጣጠሩት እናትህ፣ እማማ፣ ነበሩ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሠራተኛውን ሁሉ በድምፁ ለይተው ያዙታል። ማን እንደሠራ፣ ማን እንደለገመ ይነግሩኛል። «እንዴት ያውቃሉ?» ስላቸው «አካፋ ይናገራል» ይሉኛል።

በመጋቢት አንድ ቀን ቀደም ብዬ ፈቃድ ወስጄ ስመጣ የሳሎኑ ግድግዳ ትከሻዬ ድረስ ደርሷል። እማማ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው ከጥግ ወደ ጥግ ቀስ እያሉ ይሄዳሉ። መሃል ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይሄ ግድግዳ ሆድ አውጥቷል» አሉ።

ጋሽ ልክነው ሳቀ። «እማማ፣ ግድግዳ ሆድ የለውም። ልክ ነው!»

«አርግዟል እልሃለሁ። ያንን የምታንጠለጥለውን ነገርህን አምጣና እየው።»

እየሳቀ ቱምቢውን አወጣና ገመዱን ለቀቀው። ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። ግድግዳው ሁለት ጣት ያህል ወደ ውጭ ወጥቷል። አራት ረድፍ ብሎኬት አፍርሶ እንደገና ጀመረ። ሠራተኞቹ ቀኑን ሙሉ «ወለደ ወይስ አልወለደም?» እያሉ ሲቀልዱበት ዋሉ። እኔም ሳቅኩ። «አማቴ ከውሃ ልክ ይበልጣሉ» እያልኩ በስፌት ቤቱ አወራሁ። ሰው በዓይኑ የሚያየውን ለምን በእጁ ይዳስሳል ብዬ ግን አልጠየቅኩም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚሉት እኔን ነው።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት አልሞላም። እሑድ ነበር፣ እኔም እዚያው ነበርኩ። እኩለ ቀን ሆኖ ፀሐይ አናት ላይ ቆማለች። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ እስከ ወገብ ተቆፍሮ፣ ዙሪያው የተከመረው ቀይ አፈር ከመንገድ ማዶ ይታያል። እማማ ለሠራተኞቹ ውሃ በጆግ ይዘው መጡ። «በዚህ በኩል ይዙሩ» ልል አፌን ስከፍት ቀጥ ብለው የአፈሩ ክምር ክፍት በሆነበት በኩል ወደ ጉድጓዱ አመሩ። አልተደናቀፉም፣ አልተንሸራተቱም። ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ረጋ ብለው አየር ረገጡ።

ጩኸቴን ራሴ አልሰማሁትም፤ ሌሎች ናቸው የነገሩኝ። ጋሽ ልክነው ዘሎ ገብቶ አቅፎ አወጣቸው። የእጃቸው አንጓ ወዲያው አበጠ፣ ጉልበታቸው ተላልጧል። የመጀመሪያ ቃላቸው ምን እንደነበር ልንገርህ? «ጆጉ ተሰበረ?»

ቤት ወስጄ እጃቸውን ስጠቀልል ዝም ብዬ በግራ በኩላቸው ሁለት ጣቴን ቀሰርኩ።

«እማማ፣ ስንት ነው?»

«ምኑ?»

ጣቴን ወደ ፊታቸው አመጣሁት። ዓይናቸው አልተከተለኝም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳቸው።

የጠቀለልኩትን እጃቸውን ዳሰስ አደረጉ። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር፣ «ግራው ካለፈው ዓመት ጀምሮ የለም» አሉኝ። «ቀኙ እንደ ቱቦ ነው። በቱቦው የሚታየውን አያለሁ፤ ዙሪያው ግን ጨለማ ነው።»

አየህ፣ አንተ ከመሄድህ በፊት መጀመሩ ነው። አንተን ሲሸኙ ፊትህን በሁለት እጃቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ ያዩህ ለዚህ ነበር። ብርጭቆ ሲሞሉ ጣታቸውን ለምን እንደሚነክሩ፣ ጎዳና ላይ ለምን ክንዴን እንደሚይዙ፣ ሁሉም አንድ በአንድ ገባኝ። በርጩማዋን ከቦታዋ ባንቀሳቀስኩ ቁጥር ይቆጡኝ ነበር፤ እኔም «እናትህ አልወደዱኝም» ብዬ አልቅሼ የጻፍኩልህ ጊዜ ነበር። ያቺን ደብዳቤ እባክህ ቅደዳት።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰሙም?» አልኳቸው።

«መድኃኒት ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ደግሞ ግድግዳ ሆኗል» አሉኝ። ከዚያ ደህነኛውን እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አደረጉ። «ለልጄ እንዳትነግሪው። አፈር ስሆንልሽ። ይሄን ከሰማ ሥራውን ጥሎ ነው የሚመጣው።»

እውነታቸውን ነው፣ አንተን እኔም አውቅሃለሁ። ቃል ሰጠኋቸው።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፣ የምትለውን ግን አትሸፋፍንም። የዓይን ግፊት ነው አለች። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን በቀዶ ሕክምና ማቆየት ይቻላል።

«መቼ?» አልኳት።

«ዛሬ ብትሉኝ ደስ ይለኛል። ከክረምት በኋላ ካላችሁኝ ግን የሚቆይ ነገር መኖሩን አላውቅም።»

በነፃ የሚሠራበት ቦታ ሄጄ ጠየቅኩ፤ ወረፋው ለመስከረም ነው። በክፍያ የሚሠራበትን ዋጋ ሲነግሩኝ ደግሞ ወንበሩን ያዝኩት። አንድ ሰው ኪሴን አይቶ የተመነው ይመስል፣ ለጣራው እንጨትና ቆርቆሮ ብዬ ያስቀመጥኩት ነበር፤ ብዙም አይበልጥ፣ ብዙም አያንስ።

ለእማማ ስነግራቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጮኸው ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ለስላሳ ሆኑ።

«ልጄ፣ ስሚኝ። ያንን ልጅ ያሳደግኩት አሥራ አራት ቤት ተከራይቼ ነው። ከአሥራ አራቱ በፈቃዴ የወጣሁት ከአንዱ ብቻ ነው። ሌሎቹ ሁሉ ‘ውጪ’ ብለውኝ ነው። ዓይኔ ቢጠፋ ግድግዳውን በእጄ አውቀዋለሁ። ቤት ከሌለ ግን ምኑን ነው የምዳስሰው?»

ተነሥቼ ወጣሁና ደጅ ቆሜ አለቀስኩ።

ሦስት ቀን እንዲሁ ዋልኩ። በአንድ በኩል አከራይዋ፣ በሌላ በኩል ክረምቱ፣ በመሃል እኒያ ዓይኖች። መርፌ ሁለቴ ጣቴን ወግቶኛል፤ እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼ አለቃዬ ፈትታ መልሳልኛለች። በሦስተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ የመቁረጫው ጠረጴዛ ባዶ ሆኖ አየሁት። ጨርቅ ሲያንስ ሰፊ ምን ታደርጋለች? ወይ ደንበኛዋን ትመልሳለች፣ ወይ ንድፉን ትለውጣለች። የልብስ ንድፍ የምናወጣበትን ወረቀት ዘረጋሁና የቤታችንን ክፍሎች አንድ በአንድ በልካቸው ቆረጥኳቸው። አልጋውን፣ ቁም ሣጥኑን፣ ምድጃውን ሁሉ ትንንሽ አድርጌ ቆረጥኩ። ጓደኞቼ መጥተው «የማን ቀሚስ ነው?» ሲሉኝ «የእኔ ነው፤ አልበቃኝ ብሎ ነው» አልኳቸው።

እያቀራረብኩ፣ እያራቅኩ፣ የሚቀረውንና የማይቀረውን ለየሁ። ቀድመን ለአጥር ብለን በርካሽ የገዛናቸው፣ ከፈረሰ መጋዘን የወጡ አሥራ ስድስት ቆርቆሮዎች ነበሩ፤ ሚስማር የበሳቸው ናቸው እንጂ ደህና ናቸው። እነሱን ሳልቆርጥ ምን ያህል መሬት እንደሚሸፍኑ ለካሁ። የኋለኛዋን መኝታ ቤትና ከጎኗ ያለችውን ሽንት ቤት ይሸፍናሉ፤ ከዚያ አያልፉም። እንጨቱንም ከግንበኞቹ መወጣጫ እናወጣለን። እንግዲያው ዘንድሮ ቤታችን ያቺ ናት አልኩ። ሌላው ግድግዳ ብቻ ሆኖ ይቆያል።

አሁን የምነግርህን እየፈራሁ ነው የምጽፈው። በረንዳህን ሰረዝኩት። በሩንም ከፊት አንሥቼ ወደ ኋላ አዞርኩት።

ጋሽ ልክነውን ወረቀቶቼን አሳይቼ ስነግረው ራሱን ያዘ። «ቤት ጀርባውን ለመንገድ ይሰጣል እንዴ? ሰው ‘ከሰፈሩ ጋር ተጣልተው ነው’ አይልም?»

«ይበል። ከኋላ በኩል መሬቱና ወለሉ እኩል ነው። ደረጃ አልፈልግም። ደፍም አልፈልግም።»

«ደፍ ከሌለው ውሃ ይገባል።»

«ውሃ በቦይ ይመለሳል ጋሼ። የተሰበረ ዳሌ አይመለስም።»

ወረቀቶቹን ለረጅም ጊዜ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልክ ነው» አለ። የፊተኛውን በር በብሎኬት ዘጋው። ልስኑ ሲሠራ ደግሞ በወገብ ልክ፣ ከአልጋው ራስጌ እስከ ሽንት ቤቱ በር፣ ጣት የምታህል መስመር በሲሚንቶ አስወጣልኝ። በእጅ ከተከተልካት ያለ መብራትም ታደርስሃለች። ከእፍኝ ሲሚንቶ በላይ አልወሰደችም። ይህን ቤት ስሠራ ያልተሳቀቅኩባት ነገር እሷ ብቻ ናት።

የቀረው እማማን ማሳመን ነበር፤ እሱን አልቻልኩም። ስለዚህ ሳልነግራቸው ሄጄ ከፈልኩ። ደረሰኙን ይዤ ስመጣ «አሁኑኑ ሄደሽ አስመልሺ!» አሉኝ።

«አይመለስም። ይኸው ‘የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም’ ይላል።»

እንዲያ የሚል የለበትም። ደረሰኙን ተቀብለው በቀኝ ዓይናቸው አጠገብ ወዲያና ወዲህ አደረጉት። ማንበብ ለማይችል ዓይን ስዋሽ ምን ያህል እንዳፈርኩ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለአንተ ብቻ ነው። ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ።

«የተከፈለበት ነገርማ አይጣልም» አሉ በመጨረሻ። «ምን ልልበስ?»

ማክሰኞ፣ ግንቦት 11 ቀን ገቡ። እኔ ኮሪደር ላይ ተቀምጫለሁ። ከገቡ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ የሆስፒታሉ ጣራ ይንኳኳ ጀመር። መጀመሪያ ሰው የሚሄድበት መስሎኝ ነበር። ዝናብ ነው! ገና ይቀረዋል ያልነው ዝናብ። የተላሰነው ግድግዳ ገና አልደረቀም፣ ሲሚንቶው ሜዳ ላይ ነው፣ ጣራው አልተመታም። ተነሥቼ ልሩጥ እላለሁ፤ ደግሞ በሩን አያለሁ። በዚያ በር በኩል አንዲት ነርስ ወጥታ ስሜን ብትጠራና ባልኖርስ? ለጋሽ ልክነው ደወልኩ፤ አያነሳም። ደጋግሜ ደወልኩ። አንዲት አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ «የታመመብሽ ልጅ ነው?» አሉኝ። «ቤትም እናትም» አልኳቸው። ግራ ገብቷቸው እጄን ያዙልኝ፤ እስከ መጨረሻው አልለቀቁኝም።

ሐኪሟ ወጥታ «በሰላም አልቋል» አለችኝ። እማማ እስኪነቁ ጠበቅኩ፣ ድምፄን አሰማኋቸው፣ ከዚያ ለነርሷ አደራ ብዬ ወደ ቤቱ ሮጥኩ። ዝናቡ ገና እያካፋ ነበር። የሳሎኑ ግድግዳ ጥግ ተንዶ ብሎኬቱ ጭቃ ውስጥ ተበትኗል። አምስት ከረጢት ሲሚንቶ ውሃ ጠጥቶ ድንጋይ ሆኗል። የኋለኛዋ ክፍል ላይ ግን ትልቅ ሸራ ተወጥሮ አየሁ፤ ከግድግዳው አናት ላይ ጋሽ ልክነው በደረቱ ተኝቶ ጫፉን በድንጋይ ይጭናል። ሸሚዙ ከገላው ጋር ተጣብቋል።

«ስልክህን ለምን አታነሳም?» ብዬ ጮኽኩ፤ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ።

«በየትኛው እጄ?» አለኝ።

ሸራውን ከጭነት መኪና ሾፌር ወንድሙ ለምኖ ነው ያመጣው። ከወረደ በኋላ የተናደውን ጥግ አይቶ «ይሄስ ልክ አይደለም» አለ። እንዲያ ሲል ሰምቼው አላውቅም። የሸራውን ኪራይና የቀኑን ልክፈልህ ስለው ፊቱን አዞረ። «እማማ የወደቁት እኔ በቆፈርኩት ጉድጓድ ነው። ሳልከድነው ምሳ የበላሁት እኔ ነኝ። ስለዚያ ቀን እስካሁን አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ስለ ገንዘብ አታንሺብኝ።» ስንቱን ሰው በአንድ ቃል «ልክ ነው» እያልን ውስጡን ሳናውቀው እንኖራለን።

ባለፈው ቅዳሜ ገባን። አከራይዋ ቁልፉን ስትቀበለኝ «ጣራችሁ አለቀ?» አለችኝ፤ «አለቀ» አልኳት። የአንዷ ክፍል ጣራ አልቋል፣ ውሸት አይደለም። ሁለት አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የእኔ የስፌት መኪና፣ ምድጃው ጥግ ላይ። የሳሎኑ ግድግዳ በላስቲክ ተሸፍኖ ውጭ ቆሟል። ደመና ባየሁ ቁጥር እጄ ሥራ ይፈታል። በመስኮቱ ጥግ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች። የት እንደደረሰች በእርሳስ ምልክት አድርጌ በየጠዋቱ አያታለሁ። ሦስት ቀን ከምልክቱ አላለፈችም ነበር፤ ትናንት አለፈች። ጋሽ ልክነው ልስኑ ብቻ ነው፣ ልክ ነው ይላል። ልመነው? አንተ ብትሆን ምን ትላለህ? እዚህ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ስሕተት ሠርቼ እንደሆነ የሚነግረኝ ክረምቱ ነው፤ እሱ ደግሞ ሲናገር ጮኾ ነው።

ሰኞ ሐኪሟ እማማን አየቻቸው። ግፊቱ ወርዷል፤ የነበረው አለ አለች። ፋሻው የተነሣ ዕለት ፊት ለፊታቸው ተንበርክኬ ነበር። ቀኝ ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አደረጉና በቱቧቸው ፈልገው አገኙኝ።

«ከስተሻል» አሉኝ። «ልጄ እንዲህ ሆነሽ ቢያይሽ እኔን ምን ይለኛል?»

ለዚያ የተከፈለው ጣራ ቢሆን አልቆጨኝም። አንተ ከቆጨህ ግን መብትህ ነው። ዓመት ሙሉ በዚያ ሙቀት ቆመህ ያገኘኸውን አንተን ሳልጠይቅ አዋልኩት። ጥፋት ካለው ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እሳቸውን እንዳትናገር።

አሁን አልጋቸው ላይ ተቀምጠው የእስክሪብቶዬን ድምፅ ያዳምጣሉ።

«ምንድን ነው እንዲህ የምትጽፊው?»

«ሰላምታ ነው።»

«ይሄ ሁሉ ሰላምታ? መርከቡ ላይ ላለ ሰው በሙሉ ነው እንዴ?»

መጻፌን ስቀጥል ገባቸው። እነሆ ከአንድ ደቂቃ በኋላ «እንግዲህ ንገሪው፤ ካለቀ በኋላ ነው» ብለዋል። «ግን ብቻዬን እንደምሄድ ጻፊበት። እንዳይመጣም በይው።»

ጽፌዋለሁ። ብቻቸውን ይሄዳሉ፤ ትናንት እስከ ቧንቧው ሄደው ተመልሰዋል። እኔ ከኋላቸው ኮቴዬን አጥፍቼ ተከትያቸው እንደነበር ግን አላወቁም።

እኔም እላለሁ፤ አትምጣ። ሰባት ወር ነው የቀረህ። ውሉን ካፈረስክ መመለሻህን ራስህ ነህ የምትከፍለው፣ መጨረሻ ላይ የሚሰጥህም ይቀራል፤ የሳሎኑ ጣራ ደግሞ ያ ነው። ስለዚህ አትምጣ። እርግጥ ድርጅቱ በራሱ አስቦ ፈቃድ ቢሰጥህ፣ ማለቴ አንተ ሳትጠይቅ፣ ወይም መርከቡ ለጥገና ቢቆምና ለጥቂት ቀን ሥራ ብትፈቱ፣ ያ ሌላ ነገር ነው። አንዳንዴ እንደዚያ ይሆናል ብለኸኝ ነበር። እኔ ግን ና አላልኩህም።

ማዕበሉ ይረጋልህ። ምድጃህ አይለብልብህ። በደረስክበት ወደብ ሁሉ በጎ ሰው ይግጠምህ፤ ክፉ የሚያስብህ መንገዱ ይጥፋው። እናትህ «ዕድሜህ ከእኔ ይርዘም፣ ከመንገድ ሁሉ የቤትህ መንገድ ይቅናህ» ብለውሃል፤ ቃል በቃል ነው የጻፍኩት፣ አሜን በል።

ያንተው ባለቤት

ሌላ አንድ ነገር። ብትቆጣም ጻፍልኝ። የተቆጣህበትን ወረቀት ተቀብዬ ማንበብ እችላለሁ። ምንም ሳይመጣ ሲቀር ግን መልስህን እኔው ራሴ በልቤ እየጻፍኩ አነበዋለሁ፤ እኔ ደግሞ በራሴ ላይ ካንተ ይልቅ ክፉ ነኝ።